ጫማ የሚወለቅለት ኮምፒዩተር

ግቢዬ ውስጥ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ክፍል ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ባለፈው ቅዳሜ ከከተማ ስትመለስ የግቢውን በር በርግዳ ገባች። መናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የጥናት ወረቀቷን ልታሳትም ሄዳ፣ የቤቱ ኮምፒዩተር ፋይሏን አልከፍትም ብሏት ኖሯል። «እማማ ዘነቡ፣ አያምኑኝም! እስካሁን ያንን የድሮ ዊንዶውስ፣ ኤክስፒን ነው የሚጠቀሙት። እኔ ሳልወለድ የወጣ ነገር እኮ ነው! ምን ዓይነት ፋራዎች ናቸው?» አለችኝ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አቮካዶ እየላጥኩ ነበር። ያንን ስም ከሰማሁ ዘመን ሆኖኛል፤ ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። «ለምን እንደማይለቁት ግን አይገባኝም» ብላ ቀጠለች፤ «አዲሱን ለመጫን ግማሽ ቀን አይፈጅም። ስንፍና ነው አይደል?» «ይሆናል» አልኳትና የተላጠውን አቮካዶ ሰጠኋት። እየበላች ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ግን ያን ቀን ምሳዬንም በቅጡ አልበላሁም። ሰው አሮጌውን ለምን እንደማይለቅ በገዛ ኑሮዋ ያሳየችኝ አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ ብርቄ ነው። ደግ ሰው ነበረች ብዬ አልዋሽም።

ያን ጊዜ ዲላ ባጃጅ ገና አልገባባትም። ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ የቸኮለ ጋሪ ይሳፈራል። አናናስ መንገድ ዳር እንደ ድንጋይ ተከምሮ በብር ሁለት ይሸጣል፤ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነው፣ ያውም ብርጭቆው እስከ አፉ ሞልቶ። መናኸሪያው ጥግ ላይ አንድ የካሴት ነጋዴ ነበር፤ አዲስ ካሴት በመጣ ቁጥር ድምፅ ማጉያውን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያስጮኸው፣ ዘፈኑን ያልገዛነውም ሁላችን በቃላችን እናውቀው ነበር። የቡና ሽያጭ ሲደርስ ከተማዋ ሌላ ትሆናለች፤ ከይርጋጨፌ በኩል የሚመጡት ነጋዴዎች ቆዳ ጃኬታቸውን በፀሐይ ሳይቀር ለብሰው ይዞራሉ፣ ሴቶቹ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ኮት በጉርድ ቀሚስ እናደርጋለን። የእኔ ኮት ቡና ዓይነት ነበር። የብርቄ ደግሞ ወይን ጠጅ፣ ከአዋሳ የተገዛ፣ ባለ ወርቃማ ቁልፍ። በዚያ ኮት የቢሮውን ደረጃ ስትወጣ ተረከዟ የሚያሰማው ድምፅ አራተኛው ክፍል ድረስ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ወሬ የያዘ ወሬውን፣ ሻይ የያዘ ሻይውን ያስቀምጣል።

የምንሠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር፤ እኔ መዝገብ ቤት፣ እሷ ዋና ጸሐፊ። የወናጎ ልጅ ናት። ታይፕ ራይተር ላይ ወንዶቹንም ሴቶቹንም የምትቀድም ጣት ነበራት፤ አለቆች ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ ብርቄ ግን ቦታዋ ላይ ናት። የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ከተማችን ሲደርስ ለሥልጠና አዋሳ የተላከችው እሷ ነበረች። ስትመለስ ጸጉሯን ተተኩሳ፣ አነጋገሯንም ለውጣ ነበር። ለኮምፒዩተሩ ለብቻው ክፍል ተሰጠው፤ መጋረጃ ተሰቀለለት፣ ወለሉ ምንጣፍ ለበሰ፤ ብርቄ በገዛ እጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ከላይ ተደረገለት። አቧራ ይጎዳዋል ተብሎ ጫማ ሳይወለቅ አይገባም። ሚኒስትርም ቢመጣ ያወልቃል። ይህ ሕግ ለብርቄ እንዴት እንደተመቻት ልነግራችሁ አልችልም። ካልሲው የተቀደደ ሰው ከገባ አለቀለት። አንድ ቀን አንድ የሒሳብ ሹም፣ ባለ ትልቅ ቦርጭ፣ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ገብቶ እግሩን ከእግሩ ኋላ ለመደበቅ ሲታገል አየችውና «ምነው ጋሼ፣ ደመወዝ ሳይወጣ አውራ ጣትዎ ወጣ?» አለችው በሩ ክፍት እያለ። ኮሪደሩ በሳቅ ሞላ። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ደብዳቤውን በተላላኪ ነበር የሚልከው።

በኋላ ያ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ተቀየረና ኤክስፒ የሚባለው መጣ። ሲከፈት አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ ይታይበታል። ብርቄ አገላብጣ አየችውና «ኮረብታው የወናጎን ይመስላል፤ ግን አንድ እንሰት የለበትም፣ ሰው አይኖርበትም ማለት ነው» አለች። በዚያ ማሽን ላይ የተጫነው የአማርኛ መጻፊያ እንደ አሁኑ በድምፅ የሚሄድ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቦታ አለው፣ ቦታውን ደግሞ ሰው የሚያውቀው በዓይኑ አይደለም፣ በጣቱ ነው። ብርቄ ጣቶቿን ካስለመደች በኋላ ቁልፎቹን አይታ አታውቅም። መስኮቱን እያየች፣ መንገደኛ እያማች ትጽፋለች።

ሰላማዊት የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ከገደብ ከተማ፣ ከዚያ ከዲላው የመኪና መስመር ጫፍ፣ በጽሕፈት ዲፕሎማ ተመርቃ ረዳት ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነበረች፤ ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ ታደርጋለች። አማርኛዋ የገጠር ጌዴኦ ልጅ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም እንደ ሴት አድርጋ ትጠራለች። የመጀመሪያ ቀን ዘግይታ ገብታ «ይቅርታ እትዬ፣ ወንድሜ ትላንት መጣች፣ እሷን ልሸኝ ሄጄ ነው» አለች። ብርቄ የገዛ አባቷ አማርኛ ያው እንደነበረ ረስታ፣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ እያለች ስልክ አንሥታ ለጓደኛዋ «ዛሬ ወንድሟ ‹የመጣች› ልጅ ተላከችልኝ» አለች። ቃሉ በቢሮው ዞረ። ሾፌሮቹ ሰላማዊትን ባዩ ቁጥር «ወንድምሽ ደህና ናት?» እያሉ ነው ሰላም የሚሏት። ኮምፒዩተሩን እንድትነካ አልተፈቀደላትም። ሥራዋ ብርቄ ስትጽፍ በእጅ የተጻፈውን ረቂቅ ቆማ ማንበብ፣ ዳንቴሉን ማጠብና ሻይ ማምጣት ነበር። ዲፕሎማ ያላት ልጅ! አንድ ጊዜ ብርቄ ሽንት ቤት ስትሄድ ሰላማዊት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሁለት መስመር ጻፈች። ብርቄ ተመልሳ መስመሮቹን ጮክ ብላ አነበበችና ከነስህተታቸው አትማ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈቻቸው።

አሁን የማወራውን ሰው ያጋነንኩት እንዳይመስለው። የዓመቱ ሪፖርት የሚላክበት ቀን ነበር። ጠዋት ስልክ ጮኸ፤ ስልኩ ያለው ብርቄ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከገደብ የተደወለ ነበር፤ የሰላማዊት እናት ሌሊት አርፋለች፣ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ልጅቷ ቶሎ ትምጣ። ብርቄ «እሺ፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ዞር ብላ ሰላማዊትን «የት ደረስን?» አለቻት። ልጅቷ ማንበቧን ቀጠለች። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ በጀት አመዳደብ እያነበበች ዋለች። ሪፖርቱ አልቆ፣ ታስሮ፣ የአዋሳው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ወደ ገደብ የሚሄደው የመጨረሻ መኪናም መናኸሪያውን ለቅቆ ከወጣ በኋላ፣ ብርቄ ኮቷን እየለበሰች ነገረቻት።

የልጅቷን ጩኸት መዝገብ ቤት ሆኜ ሰምቼ ነው የሮጥኩት። ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች። ሌላው ሰው ነገሩን ሲሰማ ብርቄን «እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ?» አላት። «መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገር፤ ስልኩ ሲደወል ነግቷል» አለች፤ «ደግሞስ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይረበሽም። ብነግራት ኖሮ ማን ያነብልኝ ነበር?» ሰላማዊት በማግስቱ ገደብ ስትደርስ የመቃብሩ አፈር ዝናብ መትቶት ነበር አሉ። ከለቅሶ ስትመለስ ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን ተላጭታ ገባች። እኛ ምን ትል ይሆን ብለን ጆሯችንን አቁመናል። ጫማዋን አወለቀችና «እትዬ ብርቄ፣ ሪፖርቱ በሰዓቱ ደረሰ?» አለች። «ደርሷል» አለች ብርቄ። «ጥሩ» አለችና ረቂቁን አንሥታ ቆመች። ብርቄ ነገሩ ያለፈ መሰላት።

ዓመታት እንዴት እንደሚሄዱ! የጋሪው ደወል ጠፍቶ ባጃጅ ሲንጫጫ፣ ካሴት ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ የሞባይል ቀፎ ሻጭ ሲሆን፣ የአናናሱ ዋጋ ከሻይ ዋጋ ጋር ሲሽቀዳደም፣ ሰላማዊት የማታ ትምህርት እየተማረች ነበር። ዝም ብላ። ምሳዋን ሳትበላ። ዲግሪዋን ስትይዝ የኮምፒዩተር ክፍል የሚባል ነገር ለቢሮው ተፈቀደና ኃላፊው እሷ ሆነች። አማርኛዋም ከዜና አንባቢ አማርኛ አይለይም፤ አንድ ጾታ አትስትም። ቆይቶ አስተዳደሩም በእጇ ገባ። ስስ ስስ የሆኑ ጥቋቁር ኮምፒዩተሮች በካርቶን በካርቶን መጡ፣ ሁሉም በአንድ ገመድ ተያያዙ፤ ደብዳቤ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ያለ ተላላኪ መሄድ ጀመረ። ወደ ክፍሎቹ ሰው ከነጭቃው ይገባል። የብርቄ ብቻ ነበር ጫማ የሚወለቅበት የቀረው፣ እሱም ደግሞ ማንም ስለማይገባበት።

መጀመሪያ ላይ ብርቄ አዲሱን አልጠላችም። ይህን ሰው አያውቅላትም። ሥልጠና አለ ሲባል ወይን ጠጅ ኮቷን ተኩሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ አዳራሹ ውስጥ ከፊት ነበር የተቀመጠችው። ሰላማዊት በመብራት ግድግዳው ላይ የሚያሳየውን መሣሪያ አስተካከለችና ፈገግ አለች። «እትዬ ብርቄ የሁላችንም አስተማሪ ናቸው» አለች፤ «እሳቸው ይጀምሩልን።» አጨበጨብን። ብርቄ ወጥታ ተቀመጠች፤ ጣቶቿን እንደ ልማዷ ዘርግታ መስኮት መስኮቱን እያየች ጻፈች። ግድግዳው ላይ የወጣው ነገር ፊደል አይባል፣ ቁጥር አይባል፤ የተጨማለቀ ነገር ነው። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ብርቄ ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። ፊቷ ላይ ደም መጣ። አጠፋችና እንደገና ጻፈች፤ ያው። ጣቶቿ አይሰሟትም፤ የለመዱት ቦታ ይሄዳሉ፣ የለመዱት ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ፊደል ተቀምጧል።

«ግድ የለም፣ ረጅም ነገር አይጻፉ» አለች ሰላማዊት በለሰለሰ ድምፅ፤ «ስምዎን ብቻ ይጻፉልን።» ብርቄ መነጽሯን አውጥታ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፎቹን ጎንበስ ብላ እያየች፣ በአንድ ጣት ፈለገች። ግድግዳው ላይ «ብረቀአ» የሚል ወጣ። አንድ ሾፌር ድምፁን ከፍ አድርጎ «ብረቀአ!» ብሎ አነበበው፤ አዳራሹ ፈነዳ። ያ ባለ ቦርጩ የሒሳብ ሹም፣ ያኔ ጡረታው አፋፍ ላይ የነበረው፣ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ነበር የሚስቀው። ሰላማዊት «አትሳቁ እንጂ! ሁላችንም ከዚህ ነው የጀመርነው» አለች። ግን ወደ ቦታሽ ተመለሺ አላለቻትም። ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ፊት አስቀምጣ፣ «አሁን ደግሞ ይህን ይሞክሩልን፣ አሁን ደግሞ ያንን» እያለች፣ ስህተቷን ሁሉ ግድግዳው ላይ አሳየቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብርቄ በግቢው ውስጥ ብረቀአ ሆነች። የጥበቃ ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ዞር ስትል በዚያ ስም ነበር የሚጠሯት።

አዳራሹን ዳግመኛ አልረገጠችውም። «እኔ አሮጌዬን አልለቅም» አለች። ሰበብ አላጣችም፤ አሮጌዎቹን ደብዳቤዎች አዲሱ ላይ ሲከፍቷቸው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ ይወጣ ነበር፣ «የስንት ዓመት ሥራዬን ሳጥን የሚያደርግ ምን ዓይነት ማሽን ነው?» ትል ነበር። ሥራ አስኪያጁ በግድ እንድትቀይር ሊያዛት ነበር። የከለከለችው ሰላማዊት ናት። «ይተዉላቸው» አለችው ስብሰባ ላይ ሁላችን እየሰማን፤ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ የለመዱትን አንንጠቃቸው።» ስብሰባው ላይ የነበሩ ሴቶች «ይች ልጅ ልቧ ንጹሕ ነው፣ ቂም የላትም» ብለው አደነቁ። እኔም አፌን ሞልቼ አድንቄአለሁ። ብርቄ ክፍሏ ውስጥ ከነማሽኗ ቀረች። የማሽኑ ገመድ ከማንም ጋር አልተገናኘም። ሥራው ሁሉ በአዲሱ በኩል ያልፋል። ጠዋት ትገባለች፣ ዳንቴሉን ታነሣለች፣ ኮረብታዋን ትከፍታለች፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታየዋለች። አንድ ወረቀት የሚያመጣላት ሰው የለም። ሰው ሳይገርፉት፣ ሳይሰድቡት፣ ደመወዙን እየከፈሉ እንዲህ ሊቀጡት እንደሚችሉ ያኔ ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ድንገት ሥራ መጣላት። ሁለት ጎረምሶች ነበሩ፣ ከአዲሶቹ ቅጥሮች፤ አንደኛው በእጁ የሞነጫጨረውን ወረቀት ይዞ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ እጅ ነሥቶ ይገባል። «እትዬ ብርቄ፣ ይኼ አስቸኳይ ነው፤ የእርስዎ እጅ ካልሆነ አይሆንም ተብሏል።» ብርቄ ታደሰች። ከንፈሯን መቀባት ጀመረች። ምሳ ሰዓት ሳትወጣ ትጽፋለች፤ «ያ ሁሉ አዲስ ማሽን ይዘው ሲጨንቃቸው ወዴት መጡ?» ትለኝ ነበር በሩ ላይ ቆሜ ስጠራት። እኔም ደስ አለኝ። ደብዳቤዎቹ ቁጥር እንዲወጣላቸው መዝገብ ቤት እኔ ጋ ለምን እንደማይመጡ እንኳ አላሰብኩም፤ አሁን ሁሉ ነገር በገመድ ነው የሚሄደው ብዬ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረን ወጣን። በር ላይ አንዲት የወናጎ ሴት ኦቾሎኒ ትቆላ ነበር፤ ለሁለታችንም ገዛሁ። በጠቀለለችበት ወረቀት ላይ ጽሑፍ አለ። የእኔን አላየሁትም። ብርቄ የያዘችውን ኦቾሎኒ ወደ መዳፏ ገለበጠችና ወረቀቱን ዘርግታ አየችው። አስቸኳይ የሚለው በቀይ ተሰምሮበታል። ጠዋት የጻፈችው ነው። ሻጯ አጠገብ የተቆለለው ወረቀት ሁሉ ያው ነው፤ ጎረምሶቹ እያመጡ የሚሰጧት፣ ያልታጠፈ፣ ያልተፈረመ፣ ማህተም ያላረፈበት። ብርቄ ወረቀቱን መነጽሯን ሳታወጣ ራቅ አድርጋ አነበበችው። «እዚህች ጋ አራት ነጥብ ረስቻለሁ» አለች። ኦቾሎኒውን አፏ ውስጥ ጨመረች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«እና አላውቅም? ቁጥር የሌለው ደብዳቤ የት ያለ ነው? አንቺን ቁጥር ጠይቀውሽ ያውቃሉ?»

«ታዲያ ለምን ትጽፊላቸዋለሽ? ለምን አትተፊባቸውም?»

አስፋልቱን ተሻግረን ጥላ ያለበት ቦታ ስንደርስ ቆመች። «ምን ላድርግ? አዳራሹ ልመለስ? በአንድ ጣት ስሜን ልፈልግ?» አለች። «ሲስቁብኝ ከምሰማ ሳልሰማ ቢስቁ ይሻለኛል። ማሽኑ ላይ ስቀመጥ እጄ እጄ ነው፣ ዘነቡ። የሚያመጡት ቆሻሻም ቢሆን እጄ እጄ ነው።» ባለቅስላት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እንባ የምታስመጣ ሴት አልነበረችም። አፌ አላርፍ ብሎ «ያኔ ልጅቷን ለእናቷ ቀብር ብታደርሻት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አልኳት። ብርቄ እውነት ግራ ገብቷት አየችኝ። «ሪፖርቱስ?» አለች።

ዛሬ ብርቄ ዲላ አጠገብ፣ ጪጩ፣ ታናሽ ወንድሟ ቤት ናት። ገበያ ስሄድ ጎራ እላለሁ። የወንድሟ ሚስት አትወዳትም፤ ቡና ስታሰጣ ብርቄ ደረጃ አውጪ ሆና ትቀመጥና ይሄ ተጎድቷል፣ ያ አልተፈለፈለም እያለች ታደርቃታለች። ሴትዮዋ አንድ ቀን ጓሮ ወስዳ «ይቺን ጸሐፊ የሚወስድልኝ ቢሮ የለም?» አለችኝ። ብርቄ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ ልጆቹ ያንን ከኋላዋ ሆነው ያስመስላሉ። ሰላማዊት ደግሞ በሥራ አድጋ አዋሳ ሄደች፤ ቤት ሠርታለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። ባለፈው የዘመድ ሠርግ ላይ አግኝቻት ስማኝ፣ «እትዬ ብርቄ እንዴት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ናት አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ብርቄ ከቢሮው የወጣችበትን ቀን ላውራና ላብቃ። ኦቾሎኒውን ከበላን ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ደመናማ ቀን ነበር፣ ቢሮው ውስጥ መብራት በርቷል። ብርቄ እኔ ክፍል ድረስ መጥታ «ነይ እይ፣ ዛሬስ ቀልዳቸው አምሮበታል» ብላ ጎተተችኝ። ጎረምሳው የሰጣት ረቂቅ የእሷው የጡረታ ደብዳቤ ነበር፤ ወይዘሮ ብርቄ ዕድሜያቸው ለጡረታ በመድረሱ ከነገ ጀምሮ በክብር ተሰናብተዋል፣ ለሰጡት አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ያመሰግናል ይላል። ብርቄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እኔ ገና ስንት ዓመት ይቀረኛል! ቆይ እሠራላቸዋለሁ።» ተቀመጠች፤ መስኮቱን እያየች ደብዳቤውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትመለስ ጻፈችው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ «ያመሰግናል ብቻ? ስስታሞች!» አለችና «ከልብ ያመሰግናል» ብላ ጨመረችበት። አትማ፣ አየት አድርጋ፣ «ሰላማዊት ራሷ ጋ ነው የምወስደው፤ ፈርሚበት እላታለሁ» ብላ ተነሣች። እኔን ለምስክር ይዛኝ ሄደች።

ሰላማዊት ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለችን። ወረቀቱን ወስዳ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «በጣም ንጹሕ ጽሑፍ ነው፣ እትዬ» አለች። ብርቄ እየሳቀች «ፈርሚበታ!» አለቻት። ሰላማዊት አልሳቀችም። የኮምፒዩተሯን መስተዋት ወደ እኛ አዞረች። የሠራተኛው ሁሉ ማኅደር ወደ አዲሱ ሲስተም ሲገባ የብርቄም ገብቷል፤ የተወለደችበት ዓመት ተጽፏል፣ ሲስተሙ ደምሮ ጡረታዋ መድረሱን በቀይ አሳይቷል። የብርቄ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ይሄ እኮ... ይሄ ልክ አይደለም። ልጅ ሆኜ ስቀጠር ዕድሜሽ አልደረሰም እንዳይሉኝ የጨመርኩት ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ያደርገው ነበር። ዘነቡ፣ ንገሪያት እንጂ!»

«እውነቷን ነው» አልኩ፤ «ሁላችንም...»

«ሲስተሙ የሚያውቀው የተጻፈውን ነው» አለች ሰላማዊት። መሳቢያዋን ከፈተች። ውስጡ አንድ ሌላ ወረቀት ነበር፤ ከአዲሱ ማሽን የታተመ፣ ቁጥር የወጣለት፣ የተፈረመበት፣ ማህተሙ የደረቀ። ቀኑ የትናንት ነው። ይህ በእጇ ካለ ረቂቁን ለብርቄ ለምን እንደላከች የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ የራሷን መርዶ ሥራዋን እስክትጨርስ ልታቆይባት ነበር። ሰላማዊት፣ ብርቄ የጻፈችውን ለሁለት ቀደደችና ጠረጴዛው ሥር ያለው ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ማህተም ያለበትን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብላ ሰጠቻት።

ብርቄ ቆማ አነበበችው። ቀስ ብላ፣ ከላይ ጀምራ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚወጣ ደብዳቤን ሁሉ ታነብ እንደነበረው ነበር ያነበበችው። መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«‹ከልብ› የሚለው ቀርቷል» አለች።

«አዎ» አለች ሰላማዊት፤ «ቀርቷል።»